ሥዕልን በተልእኮ መማር፤ ከጎንደር ሠዓልያን ልማድ እስከ ደጋው መምህር

መግቢያ

በተልእኮ ወይም በዛሬው አጠራር በርቀት ስለሚሰጥ ትምህርት ሲነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአእምሮ የሚመጣው ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ የሥራ አመራርና እነዚህን የመሰለው ትምህርት ነው። እነዚህ በጽሑፍ ሊተላለፉ፣ በጽሑፍም ሊመረመሩ የሚችሉ ናቸውና። ሥዕል ግን የእጅና የዓይን ሥራ ስለሆነ፣ መምህሩ ከጎን ቆሞ ካላሳየ፣ የተማሪውንም እጅ ካላቃና ሊማሩት አይቻልም የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰዷል። በዚህ የተነሣ የሥዕል ትምህርት ለተልእኮ ተማሪ ሲዘጋጅ፣ ተማሪው የሚሥልበት ሳይሆን ስለ ሥዕል የሚያነብበት ጽሑፍ ሆኖ መቅረቱ ያሠጋል።

የዚህ አሳብ ጉዳት ጐልቶ የሚታየው ከከተማ በራቀው ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ዝቅተኛ ክፍሎች አንድ መምህር ብዙ የትምህርት ዓይነቶችን ያስተምራል። በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባለው ትምህርት ሥዕልን ከሙዚቃና ከትያትር ጋር አጣምሮ ይዟል። ከጎንደር በሰሜን በኩል ከደባት፣ ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ ገጠር በአንዱ ትምህርት ቤት የተመደበ መምህር ሥዕልን እንዲያስተምር ይጠበቃል፤ ነገር ግን ራሱ እርሳስ ይዞ አንድ እንሥራ እንዲሥል ያሠለጠነው ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለው መምህር ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ቤት፣ አንድ ዛፍና አንድ ፀሐይ ሥሎ ልጆቹ ሁሉ እርሱኑ እንዲገለብጡ ያዛል፤ አለዚያም ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ አሳልፎ ይሰጣል። ከብት ሲጠብቅ በጭቃ በሬ የሚሠራው፣ በበትር መሬት ላይ የሚሥለው የደጋ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ መሣልን የሚተወው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህን መምህር ከክፍሉ አውጥቶ ወደ ሩቅ ከተማ ለዓመታት ማስተማር በቀላሉ የሚሞከር አይደለም። እውቁ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት በአዲስ አበባ ነው። ዛሬ በስማቸው የሚጠራውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ ትምህርት ቤት ስመ ጥር ሠዓልያንን አፍርቷል፤ ሆኖም ከጎንደር በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ጥያቄው ሥዕል በተልእኮ ከሚሰጥና በአካል ከሚሰጥ የቱ ይሻላል የሚል አይደለም። በአካል መሰጠቱ የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው። ጥያቄው፣ በአካል መማር ለማይችለው መምህር በተልእኮ ምን ያህሉን፣ እንዴትስ አድርጎ ማድረስ ይቻላል የሚል ነው።

1. ከሩቅ መማር ለጎንደር ሠዓሊ እንግዳ አይደለም

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ በከተማይቱና በዙሪያዋ ያበበው የሥዕል ጥበብ፣ ከፊሉ ትምህርት ከሩቅ በመጣ ወረቀት የተገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 በሮም ከተማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት አንድ የዐረብኛ ወንጌል ታተመ። በውስጡም አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ሠዓሊ የነደፋቸው፣ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ብዙ ሥዕሎች ነበሩበት። ይህ መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ የጎንደር ሠዓልያን የወንጌልን ታሪክ በብራና ላይ ሲሥሉ ቅንብሩን ከእርሱ ወስደዋል። በሮም በቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕልም፣ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል በመጡ ቅጂዎች ታውቆ፣ እጆቿን አጣምራ ልጇን የያዘችው የእመቤታችን ሥዕል አርአያ ሆኗል።

ሠዓልያኑ ከዚህ ወረቀት የተማሩበት መንገድ ለዛሬው የተልእኮ ትምህርት አዘጋጅ ሦስት ቁም ነገሮችን ያስገነዝባል።

አንደኛ፣ የሮሙ መጽሐፍ ሥዕሎች በጥቁር ቀለም የታተሙ ነበሩ። ስለዚህ ቀይ ወይም ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የቱ ከየት እንደሚገባ ወረቀቱ አይናገርም። ቀለሙን የወሰነው ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ራሱ ነው። ወረቀቱ ያልነገረው ነገር ለተማሪው የማሰቢያ ቦታ ሆነለት።

ሁለተኛ፣ ሠዓልያኑ ያዩትን ሁሉ አልገለበጡም። የሰዎቹን አቀማመጥና የታሪኩን አነጋገር ወስደው፣ የአውሮጳው ሠዓሊ ርቀትን ለማሳየት የተጠቀመበትን የሕንጻና የገጠር ጀርባ በአብዛኛው ትተዋል። በምትኩ ጀርባውን በጠራ ቀለም ሞልተው ሰዎቹን ፊት ለፊት አመጡ። መምረጥም የትምህርት ክፍል መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ሦስተኛ፣ እንግዳውን ነገር ወደ አገር ቋንቋ መለሱት። ሥዕሉ በአለባበስ፣ በዕቃና በፊት አቀራረብ የአገር መልክ ያዘ። ደግ ሰው በሙሉ ፊት፣ ክፉ ሰው ግን በጎን በአንድ ዓይን የሚሣልበት የቆየ ሥርዓትም ሳይናወጥ ጸና።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች የጎንደርን ሥዕል በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ስልት በ17ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋውና በጠራ መስመር፣ በደማቅና ባልተቀላቀለ ቀለም የሚታወቀው ነው። ሁለተኛው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በ18ኛው መቶ ዓመት የጐለመሰውና ፊትንና ልብስን በጥላ እያወፈረ፣ ጀርባውን ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው እያሸጋገረ የሚሠራው ነው። ከሩቅ የመጣው ትምህርት በአንድ ትውልድ ተቀድቶ የሚያልቅ ሳይሆን፣ እየዋለ እያደረ የራስ የሚሆን መሆኑን ይህ ለውጥ ያሳያል።

ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የጎንደር ሠዓሊ ምሳሌውን ከወረቀት ቢያገኝም፣ ብራና መዳመጥን፣ ቀለም መፍጨትንና መስመር መሳብን የተማረው ከመምህሩ ሥር ሆኖ ነው። አለ ፈለገ ሰላም ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተ ሰብ የተገኙ ነበሩ። እንግዲህ ወረቀት ምሳሌን ይሰጣል፤ እጅን የሚያቃናው ግን ሰው ነው። ሥዕልን በተልእኮ ለማስተማር የሚያስብ ሁሉ ሊፈታው የሚገባው ችግር ይኸው ነው።

2. የሌላው ዓለም ልምድ

በሌሎች አገሮች ሥዕልን በፖስታ ማስተማር መቶ ዓመት ያለፈው ሥራ ነው። በሎንዶን ፐርሲ ብራድሾው የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1905 ንድፍን በፖስታ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አቋቋመ። በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ በነበረ የተልእኮ ትምህርት ቤት የተማረው ቻርልስ ሹልዝ፣ በኋላ እዚያው የተማሪዎችን ሥራ የሚያርም መምህር ሆኗል። ሹልዝ የልጆችን መልክ በመሣል ትምህርት ያገኘው ውጤት መካከለኛ ብቻ ነበረ። ይህ ሰው ከእ.ኤ.አ. 1950 ጀምሮ ኀምሳ ዓመት ያህል በጋዜጣ በወጣው ሥራው በዓለም የታወቀው ግን ልጆችን በመሣል ነው። የመጀመሪያ ውጤት የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑን መምህራን ከዚህ ሊገነዘቡ ይችላሉ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1987 የጥበባት ክፍት ኮሌጅን መሠረተ። ኮሌጁ ሥዕልን ቤታቸው ሆነው ለሚማሩ ሰዎች የትምህርት መጽሐፍ እየላከ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪም አራሚ መምህር እየመደበ ሠርቷል። ከአሠራሩ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው የመማሪያ ማስታወሻ ደብተር ነው። ተማሪው ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን፣ ሲሠራ ያጋጠመውን ችግር፣ የሞከረውን መፍትሔና ያልገባውን ነገር በደብተር ይጽፋል። አራሚው የሚያነበው ደብተሩንም ሥዕሉንም ነው። በዚህም ከተማሪው ጎን አለመቀመጡ ያሳጣውን ነገር በከፊል ያገኘዋል።

3. ከሁሉ አስቀድሞ ዓይንን ማሠልጠን

ሥዕል የእጅ ጥበብ ነው ቢባልም፣ የጀማሪ ስሕተት በአብዛኛው የሚመነጨው ከእጅ ሳይሆን ከማየት ነው። ጀማሪ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ለምሳሌ የእንሥራ አፍ ክብ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ከጎን ሲያየውም ሙሉ ክብ አድርጎ ይሥለዋል። ከጎን ሲታይ ግን የእንሥራው አፍ የተጫነ ሞላላ ነው፤ ዓይን ከፍ ሲል ሞላላው ይሰፋል፤ ዓይን ዝቅ ሲል ይጠባል፤ ዓይን ከአፉ ጋር ሲተካከልም አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። ይህን ለመረዳት መምህር ከጎን መቆም አያስፈልገውም። እንሥራውን በመሬት፣ በመደብና በከፍታ ላይ እያስቀመጡ ሦስት ጊዜ መሣል ይበቃል። ለተልእኮ የሚመረጡት መልመጃዎች እንዲህ፣ ነገሩ ራሱ ተማሪውን የሚያርምባቸው መሆን አለባቸው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አምስቱ ይህን ጠባይ የያዙ ናቸው።

ሀ. ባዶ ቦታን መሣል። ተማሪው ጀበናን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ጀበናውን ሳይሆን በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ይሥላል። ያ ክፍት ቦታ ስም ስለሌለው፣ ተማሪው ከሚያውቀው ሊቀዳ አይችልም፤ ማየት ይገደዳል። ባዶ ቦታው በትክክል ከተሣለ እጀታው ሳይታሰብ ይስተካከላል።

ለ. በእርሳስ መለካት። ተማሪው ክንዱን ሳያጥፍ ዘርግቶ እርሳሱን ይይዛል፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣቱ ጥፍር መካከል የእንሥራውን አንገት ወርድ ይለካል። ከዚያም ያ ልክ በእንሥራው ቁመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ይቈጥራል። ክንድ የማይታጠፍበት ምክንያት ግልጽ መሆን አለበት። እርሳሱ ከዓይን የሚርቅበት መጠን ከተለወጠ ልኩም ይለወጣልና።

ሐ. ብርሃንና ጥላ። በአንድ በር ብቻ ብርሃን የሚገባበት ቤት ለዚህ መልመጃ ከማናቸውም ስቱዲዮ ያላነሰ ነው። አንድ እንቁላል በነጭ ወረቀት ላይ ከበሩ ትይዩ ይቀመጣል። ተማሪው አምስት ነገሮችን ለይቶ ይፈልጋል፤ ብርሃን በቀጥታ ያረፈበትን፣ መካከለኛውን ጥላ፣ ከሁሉ የጠቈረውን ጥላ፣ ከወረቀቱ ተመልሶ የእንቁላሉን ሥር የሚያበራውን ብርሃንና በወረቀቱ ላይ የወደቀውን ጥላ። ብዙ ጀማሪዎች አራተኛውን ሳያዩት ያልፋሉ። እርሱ ሲገባ ግን እንቁላሉ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ክብ ይሆናል።

መ. ርቀትን በቀለም ማሳየት። ለዚህ መልመጃ የሰሜን ደጋ የተሟላ መማሪያ ነው። ከደባርቅ አልፎ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው፣ የቅርቡ ገደል ጥቁርና ግልጽ፣ ቀጥሎ ያለው ሸንተረር የነጣ፣ የመጨረሻው ተራራ ደግሞ ከሰማይ ጋር ሊቀላቀል የደረሰ ሰማያዊ ሆኖ ያየዋል። ምክንያቱም በዓይንና በሩቁ ተራራ መካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን ነው። ተማሪው አንዱን ቀለም በውኃ እያቀጠነ ከሩቁ ተራራ ጀምሮ ወደ ቅርቡ ቢመጣ፣ አራት እርከን በሚሆን ቀለም ርቀትን መግለጽ ይችላል። ዝናም ባጠበው በመስከረም አየርና አቧራ በበዛበት በበጋ መጨረሻ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ መሣልም ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ሠ. የሚንቀሳቀሰውን መከታተል። በአፋፉ ሣር የሚግጡ ጭላዳዎች፣ በገበያ ቀን ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ ሰዎች፣ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ልጃገረዶች ቆመው አይጠብቁም። ተማሪው በአንድ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ ዝርዝሩን ትቶ የሰውነቱን ዘንበልታ ብቻ ይነድፋል። ጋቢ ሲሣል እጥፋቱ ሁሉ ከትከሻና ከጉልበት እንደሚነሣ ማስተዋል ይገባል። ልብስ የሚይዘው ቅርጽ ከሥሩ ያለውን ሰውነት ነውና።

4. ስለ መሣሪያ

የመሣሪያ እጥረት የሥዕልን ትምህርት ለመተው ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ምክንያት ነው። በከፊል እውነት ነው፤ በከፊል ግን መፍትሔው በአካባቢው ይገኛል። የመሣያ ከሰል ለማዘጋጀት ቀጫጭን የአኻያ ቅርንጫፎች ልጣቸው ተልጦ፣ ክዳኑ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ተጣብቀው ይደረደራሉ። ቆርቆሮው በእሳት ውስጥ ይቀመጣል። ከቀዳዳው የሚወጣው ጢስ ሲያቆም ከእሳቱ ወጥቶ ሳይከፈት ይቀዘቅዛል። ትኩስ እያለ ቢከፈት አየር ስለሚገባ ከሰሉ ዐመድ ይሆናል።

የውኃ ቀለም ማያያዣ በፋብሪካም ቢሆን የግራር ሙጫ ነው። ስለዚህ በደንብ የተፈጨና በጨርቅ የተነፋ ቀይ ወይም ቢጫ አፈር፣ እንዲሁም ጥላሸት፣ በውኃ ከሟሟ የግራር ሙጫ ጋር ቢለወስ ለመማሪያ የሚበቃ ቀለም ይገኛል። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ደርቆ በእጅ ይረግፋል፤ ከበዛም ይሰነጣጠቃል። ትክክለኛውን መጠን ተማሪው ራሱ በሦስትና በአራት ሙከራ ይደርስበታል። ሙከራውንም በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የጥንቱ ሠዓልያን ከተጠቀሙባቸው ቀለሞች መካከል ቢጫው የአርሴኒክ፣ ደማቁ ቀይ ደግሞ የሜርኩሪ ውሕድ የሆነበት ጊዜ አለ። ሁለቱም መርዝ ናቸው። የጥንቱን አሠራር ለማሳየት ሲባል እንዲህ ያለ ማዕድን በክፍል ውስጥ መፍጨት ፈጽሞ አይገባም።

5. የትምህርቱ ልብ፤ እርማት

ሞጁል የቱንም ያህል በጥሩ ቢጻፍ፣ የተማሪው ሥራ በጊዜ ታርሞ ካልተመለሰለት ትምህርቱ ይሞታል። በሒሳብ ትምህርት ተማሪው መልሱን ከመጽሐፉ መጨረሻ አመሳክሮ ስሕተቱን ሊያውቅ ይችላል። በሥዕል ግን የመልስ ገጽ የለም። ብቻውን የሚሠራ ተማሪ አንዱን ስሕተት ለወራት እየደጋገመ ሊያጸናው ይችላል፤ ወይም ሥራው መጥፎ እንደሆነ ብቻ ተሰምቶት፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ሳያውቅ እርሳሱን ያስቀምጣል። ስለዚህ ፕላን አውጪዎች ለሞጁል ኅትመት የሚመድቡትን ያህል ለአራሚ መምህራን ጊዜ ማሰብ ይኖርባቸዋል። ለእርማት አምስት መመሪያዎች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ አራሚው በተማሪው ሥዕል ላይ በቀይ ቀለም አይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በኮነቲከት የተመሠረተው የእውቅ ሠዓልያን ትምህርት ቤት መምህራን፣ በሥዕሉ ላይ አሳላፊ ወረቀት አንጥፈው ማስተካከያውን በእርሱ ላይ ይሥሉ ነበር። ተማሪው ወረቀቱን ሲያነሣ የራሱን ሥራ፣ ሲመልስ ማስተካከያውን ያያል። ይህ ዘዴ የተማሪውን ክብር ይጠብቃል፤ ልዩነቱንም ያለ ብዙ ቃል ያሳያል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ስሕተት በላይ አይታረም። ዐሥር ስሕተት የተነገረው ተማሪ አንዱንም አያርምም። የሚመረጠውም ሌሎቹን የሚወልደው ስሕተት ነው። ልኩ ከተሳሳተ ስለ ጥላው መናገር ጥቅም የለውም።

ሦስተኛ፣ ተማሪው የተጠናቀቀውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን ንድፍና የመካከለኛውን ደረጃ ጭምር ይላክ። የተጠናቀቀ ሥራ ስሕተት መኖሩን ያሳያል፤ ስሕተቱ ከየት እንደተጀመረ ግን አያሳይም።

አራተኛ፣ ሥዕሉ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ወይም በሌላ መንገድ የሚላክ ከሆነ አነሣሡ ሥርዓት ይኑረው። ወረቀቱ ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ፣ ስልኩ ሳያዘነብል ከወረቀቱ መካከል ትይዩ ሆኖ፣ ብርሃኑ ከመስኮት በጎን እየገባ መነሣት አለበት። ስልኩ ካዘነበለ የወረቀቱ አንዱ ጫፍ ይጠባል፤ አራሚውም በፎቶግራፉ የተፈጠረውን መዛባት የተማሪው ስሕተት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የወረቀቱ አራት ማዕዘኖች በፎቶግራፉ ውስጥ መታየታቸው መዛባቱን ለመለየት ይረዳል።

አምስተኛ፣ በስልክ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ አይወጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ከቤት መማር ለሁሉ እኩል የሚደረስ አለመሆኑ ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ በኋላም የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። የታተመ ሞጁልና በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም በጉድኝት ማእከል በኩል የሚመላለስ የሥዕል አቃፊ እንዲህ ባለ ጊዜም ሊያገለግል ይችላል። የከሰል ሥዕል በአቃፊ ሲላክ እንዳይደበዝዝ በእያንዳንዱ ላይ ስስ ወረቀት ማልበስ አይረሳ።

6. ዋናውን ሥዕል ስለ ማየት

የተልእኮ ተማሪ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ሥዕልን የሚያውቀው በአብዛኛው በፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ትልቁንም ትንሹንም ሥዕል በአንድ ገጽ መጠን ያቀርባል፤ የብሩሹን አሻራ ያጠፋል፤ ቀለሙንም ይለውጣል።

ጎንደር ይህን ችግር ከማንም የበለጠ ታውቀዋለች። በ1924 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የምርምር ቡድን ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ፣ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ ወስዷል። በቦታቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የቡድኑ ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተተክተዋል። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ የሚገኙት በፓሪስ ከተማ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ስለዚህ የጎንደር ልጅ የገዛ ከተማውን የ17ኛ መቶ ዓመት ሥዕል ለማጥናት ከሩቅ የሚማር ተማሪ ሆኗል።

በአንጻሩ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በቦታቸው አሉ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል። የግድግዳው ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሠርተው የተለጠፉ ናቸው፤ ጣራውም ከመቶ በሚበልጡ የኪሩቤል ፊቶች የተሸፈነ ነው። መምህራን በክረምት ለሥልጠና ጎንደር ሲመጡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ፈቃድ ተጠይቆ አንድ ጧት በዚያ ቢያሳልፉ፣ ብዙ የሞጁል ገጽ የማይሰጠውን ያገኛሉ። ጉብኝቱ ግን ዝም ብሎ መዘዋወር መሆን የለበትም። ለእያንዳንዱ ተማሪ የተወሰነ ጥያቄ ይሰጠዋል። ከኪሩቤሉ አንዱን ረድፍ መርጦ ፊቶቹ በምን እንደሚለያዩ ይጻፍ፤ ሠዓሊው አፍንጫንና ቅንድብን በስንት መስመር እንደሠራ ይቊጠር፤ በአንድ ሥዕል ውስጥ ቀዩ ቀለም ከየት ከየት እንደተመላለሰ ይመልከት። በወረቀት ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ትንሽ ንድፍ ቢሆንም፣ ዓይኑ የሚይዘው ብዙ ነው።

በዚሁ የክረምት ጊዜ ተማሪዎች ከአራሚያቸው ጋር ፊት ለፊት መገናኘታቸው እጅግ አስፈላጊ ነው። እርሳስ አያያዝ፣ ብሩሽን ከውኃ አውጥቶ መጭመቅ፣ ከክንድ ወይም ከጣት መስመር መሳብ፣ እነዚህ በጽሑፍ አንድ ገጽ የሚፈጁ፣ በማየት ግን በአንድ ደቂቃ የሚያልቁ ናቸው። በሁለት ሳምንት የገጽ ለገጽ ትምህርት እነዚህን አስቀድሞ ማስጨበጥ፣ የቀረውን ዓመት በተልእኮ እንዲሄድ ያስችላል።

7. ከመምህሩ ወደ ልጆቹ

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚለካው መምህሩ ሠዓሊ በመሆኑ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ በሚመጣው ለውጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የሞጁል ክፍል ሁለት ሥራ ይዘዝ። አንዱ መምህሩ ራሱ የሚሥለው፣ ሌላው ያንኑ ትምህርት በክፍሉ ከሞከረ በኋላ የልጆቹን ሥራ ጥቂት መርጦ ከአስተያየት ጋር የሚልከው ነው። ለምሳሌ መምህሩ የእንሥራውን መልመጃ ከሠራ በኋላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንሥራ ወደ ክፍል አምጥቶ በመካከል ያስቀምጣል። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሥላሉ። አንዱ እጀታውን በቀኝ፣ ሌላው በግራ፣ ከበስተኋላ ያለው ደግሞ ያለ እጀታ ይሥለዋል። ሁሉም ትክክል ናቸው። አንድ ነገር ከየተቀመጡበት ሲታይ ልዩ ልዩ መልክ እንዳለው ልጆቹ የሚያስተውሉበት ትምህርት ከሥዕልም ያለፈ ዋጋ አለው።

ውጤት አሰጣጥም ከዚህ ጋር መስማማት አለበት። መመሳሰል ብቻ መለኪያ ከሆነ መገልበጥ ያሸንፋል። ይልቁንም ልጁ በትኩረት አይቶ እንደሆነ፣ የወረቀቱን ቦታ አስቦ ተጠቅሞበት እንደሆነ፣ ካለፈው ሥራው ምን እንዳሻሻለ ቢመዘን ተገቢ ነው። ስለዚህም የእያንዳንዱ ልጅ የመጀመሪያ ሥራ ተቀምጦ በዓመቱ መጨረሻ ከኋለኛው ጋር ጎን ለጎን መታየት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ሥዕልን በተልእኮ ማስተማር ይቻላል፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። መልመጃዎቹ ነገሩ ራሱ ተማሪውን የሚያርምባቸው ይሁኑ፤ የተማሪው ሥራ በጊዜውና በጥንቃቄ ታርሞ ይመለስ፤ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተማሪው ከመምህሩና ከዋናው ሥዕል ጋር ፊት ለፊት ይገናኝ። ከእነዚህ ሁለተኛው ከጐደለ የቀሩት ሁለቱ ብዙ አይረዱም።

የጎንደር ሠዓልያን ከሮም በመጣ ጥቁር ወረቀት ላይ የራሳቸውን ቀለም ጨመሩበት። የዛሬው የደጋ መምህርም ከኮሌጁ የሚላክለትን ሞጁል በዚያው መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል፤ የሚጠብቀውም በፊቱ ያለውን እንሥራ፣ ገደልና ጋቢ የሚያሳየው ምሳሌና ሥራውን አይቶ መልስ የሚልክለት ሰው ነው። ይህ ሲሟላለት፣ በበትር መሬት ላይ የሚሥለው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ የሚተወው ሳይሆን የሚያዳብረው ነገር ይኖረዋል።